አረንጓዴ መቆንጠጫ

ሳልሚያ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ከኩሽናው መስኮት ሥር፣
ከስኳሩ ጣሳ እስከ ግድግዳው ስንጥቅ
የክር ያህል ቀጥኖ ይሄዳል አንድ መስመር።
ጠዋት በኮምጣጤ እጠርገዋለሁ፤
ማታ ሌላ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ አዲስ፣
ጨርቄን የናቀ፣ እኔን የማይጠይቅ።

የማዳም ልጅ ያዕቆብ፣ ኮምፒውተር የሚማረው፣
ወተቱን ሲጠጣ አየኝና ሳቀ፦
«ጉንዳኖቹ አለቃ የላቸውም እኮ።
ንግሥቲቱ እንኳ እንቁላል ነው ሥራዋ፣ ትእዛዝ አታውቅም።
አንዷ ስኳር ስታገኝ ሽታ እየጣለች ትመለሳለች፣
ሌላዋ ሽታውን ይዛ ትሄዳለች፣ በላዩ ትጨምራለች።
አጭሩ መንገድ ቶሎ ቶሎ ይረገጣል፣ ይወፍራል፤
ረጅሙ ይተናል።
አንዷም ካርታውን አታውቅም፤
ካርታውን የሚያውቀው መንገዱ ነው።»
ለማሽንም አስተምረነዋል አለኝ፤
ምግብ አድራሹ ሞተር በየት እንደሚታጠፍ
በዚሁ ስልት ነው የሚሰላው።

«ወላሂ?» አልኩት፣ ሳህን እያለቀለቅኩ።
የእኛን አላየማ።
የተሰጣውን አንሶላ ያያል እንጂ
አንሶላውን የያዘውን መቆንጠጫ ማን ያያል?

ነጭ ከሆነ፣ ደህና አድሬያለሁ።
ሁለት ሰማያዊ፣ አዲስ ልጅ ገብታለች፣ ቋንቋ አታውቅም፣ እዘኑላት።
ቢጫ ከጫፉ ላይ፣ ደሞዝ ከቆመ ሦስት ወሩ።
ቀይ ከሆነ
አትጠይቂ፤ አንቺም ቀይ ስቀዪ፣
ቀጣዩ በረንዳ ይይ።

ማን ጀመረው? ሉባባ፣ «የሐርቡዋ ናት፣
ድሮ አሥረኛ ፎቅ የነበረች» ትላለች።
ወይንሸት፣ «የለም፣ ፊሊፒኒያዊት ናት።»
እኔ ስመጣ እዚያው ነበር፣ እንደ ቧንቧው፣ እንደ ደረጃው።
ማንም አልነገረኝም። አየሁ፣ ሰቀልኩ፣ ገባኝ።

በረመዳን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቀይ።
በሩ ከውጭ ተቆልፎ፣ ቤተሰቡ ለዑምራ ሄዶ።
ስሟን አናውቅም (ትርንጎ መሆኗን ኋላ ነው የሰማነው)።
እኔ የማውቀው የአምስተኛዋን በረንዳ ብቻ፤
የአምስተኛዋ፣ የአራተኛዋን፤
ሉባባ፣ ሐሪሱ መቼ እንደሚሰግድ፤
ወይንሸት፣ ሳይጠይቅ የሚጭን ባለታክሲ፤
አንዷ ደግሞ፣ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም፣
የቁልፍ ሠሪውን ስልክ።
ዳቦ በገመድ ወረደ፣ ቴምር በካልሲ፣
በሦስተኛው ሌሊት ልጅቱ ራሷ፣
በደረጃ፣ ጫማዋ በእጇ።

ማን አወጣት ብትሉኝ
ጣቴን የምቀስርበት ሰው የለኝም።
አናውቅም ነበር።
ግን ታወቀ።

ያዕቆብ ሌላም ነግሮኛል፣ ሌላ ቀን፣ ሳይስቅ።
ጫካ ውስጥ ዓይን የሌላቸው ጉንዳኖች አሉ፤
አንዳንዴ ፊተኛዋ ስትታጠፍ
የኋለኛዋን ሽታ ታገኝና ትከተላለች፣
ሰልፉ ክብ ይሆናል፤
ይዞራሉ፣ በዞሩ ቁጥር መንገዱ ይወፍራል፣
ይዞራሉ፣
እስኪሞቱ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም።
የሰፈራችንን ቆርቆሮ ጣሪያዎች ቆጠርኩ።
የመጀመሪያዋ ላከች፣ ጣሪያዋ አብለጨለጨ፤
ሁለተኛዋ ጣሪያውን አይታ ወጣች፣ ላከች፤
ሦስተኛዋ እኔ።
በሳጥን የተመለሰችው ግን
ጣሪያ የላት፣ ሽታ አልጣለች።
የደላላው ሽታ በሽታ ሆኖ ዓመታት ሲቆይ
የእሷ በሠልስቱ ተነነ።
ለካ መርሳትም የማወቅ ግማሽ ነው፤
ጉንዳን የማይረባው መንገድ ይጠፋላታል፣
ለእኛ የሚጠፋው የሚረባው ነው።

ዛሬ ጠዋት ኮምጣጤውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።
በረንዳ ወጣሁ። አቧራ ነው፣ ባሕሩ አይታይም።
ከላይ ገመድ ላይ አንድ መቆንጠጫ፣
አረንጓዴ።

አረንጓዴ አናውቅም።
ዳቦ ይሁን፣ ክብ ይሁን፣
ማንን ልጠይቅ?
ጥቂት ቆምኩ። አንሶላው ፊቴን መታኝ።
አረንጓዴ ስላልነበረኝ
በነጩ ላይ የባሮ ሽንኩርት ቅጠል አሰርኩ።

አምስተኛ ፎቅ ላይ
አንዲት እጅ ወጣች።